የጨው ማራገፊያ ዳገት ማብሪያ

ወንድሜ ደግሰው፤

ሰላምታዬን ከማስቀደሜ በፊት አንድ ነገር በደንብ ተረዳልኝ። ካሤን ይቅር አላልኩትም። ከሽማግሌ ፊት መቀመጤን ሰምተህ «ታላቄ የእህታችንን ደም በእርቅ ለወጠው» ብለህ እንደሆነ ተሳስተሃል። የያዝኩት ቂም አንተ ከያዝከው አያንስም፤ አያያዛችን ነው የሚለያየው። ይህን ከጨበጥክልኝ የቀረውን በትዕግሥት አንብበው። እንደ ልጅነት ልማድህ መጨረሻውን አስቀድመህ እንዳታይ።

እንግዲህ እንዴት ከረምክ፣ የእናቴ ልጅ? ጤናህ እንዴት ነው? የሑመራ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? አምና ያንቀጠቀጠህ ወባ ተመልሶ አልመጣም ወይ? አጎበር ሰጥተዋችኋል ወይስ ዛሬም ጭስ እያጨሳችሁ ነው የምታድሩት? የምትጠብቀው ሰሊጥ ደረሰ ወይ? ጎንህን ይወጋህ የነበረውስ ተሻለህ? እኛ እዚህ ሐዘናችን እንዳለ ሆኖ ደህና ነን። ክረምቱ በጊዜው ገብቶ በጊዜው ወጣ። ገብሱ ዘንድሮ አንገቱን ደፍቷል፤ ሰው ሁሉ «ምነው ይህን አይታ በነበር» እያለ እህታችንን ማንጠግቦሽን ያነሣል። የኔ ጉልበት ብርድ ሲመጣ ያስቸግረኛል እንጂ ዓይኔ ደህና ነው፤ መነጽሬን አድርጌ ቀጭን ሽቦ እስከ መላጥ ድረስ አያለሁ። ስለ ሽቦው በኋላ ታነባለህ።

ለመስቀል እናቱን ሊጠይቅ የመጣው ትእዛዙ መልእክትህን ሳይጨምር ሳይቀንስ አድርሶኛል። «ለጋሼ እንዲህ በልልኝ፤ ደም ሳይመለስ እርቅ እንዳይጨርስ። ሰሊጡ ተጭኖ ሲያበቃ ጠመንጃዬን ይዤ እመጣለሁ» ብለሃል። ትእዛዙ ይህን ተናግሮ ሲያበቃ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልደፈረም። መልሴ ይህ ደብዳቤ ነው፤ እሱው ይዞልህ ይመጣል።

አንተ የሰማኸው በሰው በሰው ነው፤ የሰው ወሬ ደግሞ ተከዜን ሲሻገር ቀንድ ያበቅላል። ስለዚህ ከሥሩ ልንገርህ።

ካሤን ታውቀዋለህ፤ ከገበያው በላይ ይኖሩ የነበሩት የጨው ነጋዴ ልጅ ነው። አምስተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምሬዋለሁ። ውሃ ሲፈላ ምን እንደሚሆን ሰሌዳ ላይ ከነሥዕሉ አሳይቼዋለሁ። አንተ አገር ከለቀቅክ ወዲህ አንዲት ያረጀች ሰማያዊ ስቴሽን መኪና ከወልድያ ገዝቶ ሰው ማመላለስ ጀመረ። የመኪናዋን ነገር ካላስረዳሁህ የቀረው አይገባህም። ሞተሩን የሚያበርደው ውሃ ነው፤ ውሃውን የሚያበርደው ራዲያተር ነው፤ ራዲያተሩን ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚዞር ማራገቢያ ያበርደዋል። ሾፌሮቹ ቬንትሌተር ይሉታል። ሙቀት ሲበዛ በራሱ ይነሣል፣ ሲቀንስ በራሱ ይቆማል። ይህን የሚያዝዘው ራዲያተሩ ላይ የተሰካ አውራ ጣት የሚያህል ዕቃ ነው፤ እኔ ሙቀት ጠባቂ እለዋለሁ።

የካሤ መኪና ሙቀት ጠባቂ ተበላሸ። ማራገቢያው ሞተሩ ጠፍቶም ሌሊቱን ሙሉ እየዞረ ባትሪውን ይጨርስበት ጀመር። ጠዋት ጠዋት መኪናዋን ሰው ይገፋለት ነበር። የገበያው ሰዎች «የካሤ መኪና ቁርሷን ሳትበላ አትነሣም፤ ቁርሷም የሰው ትከሻ ነው» እያሉ ሳቁበት። መሳቂያ መሆን አንገበገበው። ሙቀት ጠባቂውን እንደመቀየር የማራገቢያውን ሽቦ ነቀለው። ከዚያ ወዲህ ዳገት ሥር ሲደርስ እየወረደ ኮፋኖውን ከፍቶ ሽቦውን መሰካት፣ ዳገቱን ሲጨርስ መንቀል ነበረበት። አንዳንድ ቀን ይሰካል፤ አንዳንድ ቀን ይሰንፋል።

ግንቦት ላይ ማንጠግቦሽ ሆዷን ታመመች። እኔ ለለቅሶ ደሃና ሄጄ ነበር። ልጇ ዘመናይ ለብቻዋ ደግፋ ሐኪም ዘንድ አደረሰቻት። ሐኪሙ አንጀቷ መጠላለፉን ነግሯት «ቀዶ ጥገና ወዳለበት ወልድያ ዛሬውኑ አድርሻት፤ በጊዜ ከደረሰች ትድናለች» አላት። በጊዜ ከደረሰች ነው ያለው፤ ይህችን ቃል ያዛት። ዘመናይ ሮጣ ካሤን ለመነችው፤ እሱም መኪናዋን ለበሽተኛዋ ብቻ ሊያደርግላት ተስማማ። ከከተማው መውጫ ላይ ግን አቁሞ አንድ የማር ነጋዴ ከነቆርቆሮዎቹ ጫነ። ለማሩ ቦታ ሲጠብበት ከኋላ የነበረውን የውሃ ጀሪካን አውርዶ ለአንድ ባለሱቅ አስቀመጠ። ዘመናይ አይታ ውሃው ለምን እንደሚወርድና ሽቦው ተሰክቶ እንደሆነ ጠየቀችው። የዚያች መኪና ጠባይ አገር ያውቀዋልና። የመለሰላትን እሷ ቃል በቃል ይዛዋለች፤ «አንቺ ሐኪም ነሽ ወይስ መካኒክ? እናትሽን ያዢ፤ መኪናዋን ለኔ ተዪልኝ» አላት።

ጨው ማራገፊያን ታውቀዋለህ፤ ድሮ ባለ አሞሌዎቹ በቅሎዎቻቸውን የሚያሳርፉበት ያ ዳገት። በቅሎ ያረፈችበት ዳገት ላይ ካሤ መኪናዋን ሳያሳርፍ፣ ኮፋኖ ሳይከፍት ወጣ። መሐሉ ላይ ፈላች። እንፋሎቱ ዓይን እስኪጋርድ ወጣና ሞተሩ ቆመ። መኪናዋ ማር ሞልቷታል፤ ውሃ ግን ጠብታ የላትም። ነጋዴው ማሩን ደፍቶ ቆርቆሮ እንዲያውሳት ዘመናይ እግሩ ላይ ብትወድቅ «የልጆቼ ጉሮሮ ነው» ብሎ ከለከላት። መያዣ ብታጣ ነጠላዋን ይዛ ወደ ወንዙ ወረደች፤ የእናቷን ከንፈር ታርስበት ብላ ነክራው እየሮጠች ወጣች። ካሤ ነጠላውን ከእጇ ቀምቶ ራዲያተሩ ላይ ጨመቀው። ደግሰው፣ ይህን ሁለት ጊዜ እንዳልጽፍልህ ሁለት ጊዜ አንብበው። ለከንፈሯ የመጣውን ውሃ ለብረት አጠጣው፤ ብረቱም ጭሶ ዝም አለ። አንድ የጭነት መኪና ከታች እስኪደርስ የእህታችን እጅ በልጇ እጅ ውስጥ በረደ። ሞተሩ ገና አልበረደም ነበር።

ይህም ሆኖ ያን ቀን እውነቱን ቢናገር ኖሮ ምናልባት ሌላ ሰው እሆን ነበር። ለቅሶው ላይ መጥቶ ደረቱን እየደቃ «ቀኗ ደርሶ ነው፤ ሽቦው በመንገዱ መንገጫገጭ ተነቅሎብኝ ነው» አለ። ሰው አዘነለት። አንዳንዱ እንዲያውም ከኛ ይልቅ እሱን አጽናና።

እኔ ግን ሠልስቷ ሲያልፍ የነፍስ አባታችንን አባ አጥናፉን ይዤ ወደ ካሤ ግቢ ሄድኩ። መኪናዋ ተጎትታ እንደመጣች ቆማለች፤ ማንም አልነካትም። ኮፋኖውን እንዲከፍትልኝ ጠየቅሁት። ከፈተ። የማራገቢያው ሽቦ ጫፉ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከኮፋኖው ድጋፍ ብረት ጋር በጥሩ ሁኔታ ተቋጥሮ አገኘሁት። ቋጠሮው ላይ አቧራ ተጋግሮበታል። አባ አጥናፉን ጠርቼ አሳየኋቸው። ከዚያ ወደ ካሤ ዞርኩና «መንገድ ሽቦ ይነቅላል፤ ቋጠሮ ግን አይቋጥርም» አልኩት። አባ አጥናፉ በመስቀላቸው ፊታቸውን ጋርደው ወጡ።

መክሰስ እንደምችል ነግረውኝ ነበር። አስቤበት ተውኩት። ቢታሰር ከሰው ጋር እያወራ፣ ቀለቡን እየበላ ከርሞ ይወጣል፤ ሲወጣም «ቅጣቴን ጨርሻለሁ» ይላል። የሚጨርሰውን ቅጣት አልፈለግሁለትም።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ዘመዶቹ ሽማግሌ ላኩ። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ወይራው ሥር ተቀመጥን። ካሤ እንደ አገራችን ወግ ትልቅ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ መጣ። እውነቱን ነው የምነግርህ፣ ሳየው ደስ አለኝ፤ ግን ደስታው አልበቃኝም። ዘመዶቹ የደም ካሳ ጠሩ። እኔም ተነሥቼ «ድንጋዩን አውርድ» አልኩት። ሰው ሁሉ ይቅር ያልኩት መስሎት እልል ሊል ነበር። ከዚያ ጨመርኩ፤ «ይህ ድንጋይ ዛሬ ማታ ከአንገትህ ይወርዳል። እኔ የማሸክምህ አይወርድም። ካሳ አልቀበልም፤ መኪናዋን ግን አትሸጥም፣ አታቆምም። ለማራገቢያው በእጅ የሚበራ ማብሪያ እኔ እያዘዝኩህ በገዛ እጅህ ትዘረጋለህ። ጨው ማራገፊያ ሥር በደረስክ ቁጥር ታቆማለህ፤ የእህቴን ስምና ያደረግህባትን ለተሳፋሪው ትናገራለህ፤ ከዚያ ታበራለህ፣ ትወጣለህ።»

ሽማግሌዎቹ ግራ ገባቸው። አንደኛው ሳቅ እያነቀው «ደም በሽቦ ሲታረቅ እንኳን እኛ አባቶቻችንም አላዩ» አለ። አባ አጥናፉ ግን አልሳቁም። ትኩር ብለው አይተውኝ «ተስፋው፣ ይህ እርቅ ነው ወይስ ጅራፍ?» አሉኝ። «አባ፣ የጅራፍ ቁስል ይድናል» አልኳቸው። ካሤ ግን አሳቡ ቀላል መስሎት ቶሎ ብሎ ማለ። ማብሪያ መጫን ምን ያቅታል ብሎ ነው።

ሥራውን የሠራነው እኔ ግቢ ውስጥ ነው። እንደምታውቀው እኔ ሥራ በጥድፊያ አልወድም። አስቀድሜ ወልድያ ወርጄ ከአንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወፍራም ሽቦ፣ ቀጭን ሽቦ፣ ፊውዝ ከነቤቱ፣ አንድ ማብሪያ፣ አንዲት ቀይ መብራት፣ አንድ ሪሌም ገዝቼ መጣሁ። ሪሌ ማለት በትንሽ ኃይል ታዝዞ ትልቁን ኃይል የሚከፍትና የሚዘጋ ትንሽ ሣጥን ነው። ካሤን አጠገቤ አቁሜ እንደ ክፍል ተማሪ ጠየቅሁት። «ማብሪያውን ከማራገቢያው ጋር በቀጥታ ብናገናኘው ምን ይሆናል?» ስለው «ይሠራል» አለ። «እስከ መቼ?» ስለው «እስኪቃጠል» አለ። «ከዚያስ?» ስለው ወደ ማብሪያው አየ። «ከዚያ እንደገና ሰው ዳገት ላይ ይቀራል። ድገመው» አልኩት። ደገመው።

ወፍራሙን ሽቦ ከባትሪው አንሥተን ወዲያው እንደወጣ ፊውዙን አስገባንበት፤ ሽቦው መንገድ ላይ ተልጦ ብረት ቢነካ ፊውዙ ይቃጠል እንጂ መኪናዋ እንዳትቃጠል። ከፊውዙ ወደ ሪሌው፣ ከሪሌው ወደ ማራገቢያው አደረስነው። ቀጭኑን ሽቦ ቁልፉ ሲዞር ብቻ ኃይል ከሚያገኘው መስመር ወስደን፣ ከመሪው ፊት ባለው ሰሌዳ፣ ክሩስኮቶ በሚሉት ላይ በተከልነው ማብሪያ አሳልፈን፣ ሪሌውን እንዲያዝ አደረግን። እንግዲህ ቁልፉ ተመልሶ ሞተሩ ከጠፋ ማራገቢያውም ይጠፋል፤ ባትሪዬን ጨረሰብኝ የሚል ምክንያት ሞተ ማለት ነው። ወደ መኪናው አካል የሚታሰረውን ጫፍ ቀለሙን በቢላ አስፍቄ፣ ብረቱ እስኪያበራ አስጠረግሁት። ያሰረው አልጠበቀልኝም፤ አስፈታሁት። እንደገና አሰረ፤ እንደገና አስፈታሁት። እጁ ደማ። «መምህር፣ አሁንስ ይበቃል» አለኝ። «ቋጠሮ ታውቃለህ አይደል? ያኛውን አሳምረህ ነበር የቋጠርከው» አልኩት። ባለቤቴ እታገኝ ከቤት ውስጥ ሰምታ ስሜን ጠራችኝ፤ አልዞርኩም።

ስለ መብራቷ ለብቻ ልንገርህ፤ የደከምኩባት እሷ ላይ ነው። መብራቷን ከማብሪያው ጋር ማሰር ይቀል ነበር። ግን እንዲያ ቢሆን ፊውዙ ተቃጥሎ፣ ማራገቢያው ቆሞ፣ መብራቷ «ይሠራል» ትል ነበር። ስለዚህ ኃይሏን ከማራገቢያው መግቢያ ላይ ሰጠኋት፤ ኃይል እዚያ ድረስ ካልደረሰ አትበራም። ካሤ ዋሽቷል፤ መብራቷ እንድትዋሽ አልፈቀድኩም። የተከልኳትም ሾፌሩ ፊት አይደለም፤ መሐል ላይ፣ ወደ ተሳፋሪው አዙሬ ነው። ከኋላ የተቀመጠች አሮጊት እንኳ በርታ እንደሆነ ታያለች።

አሁን ብልህ ሰው ነህና አንድ ነገር ትጠይቀኛለህ፤ ሙቀት ጠባቂውን ለምን አልቀየርከውም ትለኛለህ። መቀየር እችል ነበር። ቢቀየር ማራገቢያው በራሱ ተነሥቶ በራሱ ይቆማል፤ ካሤም ሬዲዮውን ከፍቶ እያፏጨ ዳገቱን ይወጣል፣ እህታችንንም በሁለት ሳምንት ይረሳታል። እንዳይረሳት ብዬ ነው ብልሽቱን እንዳለ የተውኩት።

የመጀመሪያውን ጉዞ እኔ ራሴ ከፊት ተቀምጬ ሄድኩ። መኪናዋ ሞልታ ነበር። ከኋላችን የደሃናዋ እማማ ወለተ ሰንበት አሉ፤ ጠላት እንዳላቸው ሁሉ በሁለት ቋንቋ የሚሳደቡትን ታውቃቸዋለህ። ጨው ማራገፊያ ሥር ስንደርስ ካሤ አቆመ፣ ግን አፉ አልከፈት አለው። እኔ መስኮቱን እያየሁ ጠበቅሁት፤ ክፍል ውስጥ ተማሪ መልስ ሲያጣ እንደማደርገው። በመጨረሻ «ማንጠግቦሽ የምትባል ሴት እዚህ በኔ ምክንያት ሞታለች፤ ሽቦውን ቋጥሬው ነበር፣ ውሃዋንም ቀምቻታለሁ» አለ። ድምፁ ከሞተሩ ድምፅ አይበልጥም ነበር። እማማ ወለተ ሰንበት መጀመሪያ በኽምጥኛ አወረዱበት፤ ቀጥለው ሁላችንም እንዲገባን በአማርኛ «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ፣ አንተ ባለ ማር! ማንጠግቦሽን አብራታ!» አሉት። ማብሪያውን ጫነው። ማራገቢያው ተነሣ፤ ቀዩዋ መብራት በራች። ዳገቱን እስከ ጫፍ ስንወጣ ሰው ሁሉ ዓይኑን ከመብራቷ አልነቀለም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከእጄ ወጥቶ የአገር ሆነ። የማክሰኞ ገበያተኛ፣ የጋዝጊብላ ሰው፣ የደሃና ሰው፣ ማብሪያውን በስሟ ነው የሚጠራው። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ አንዱ ካልጮኸ አንዱ «ካሤ፣ ማንጠግቦሽን አብራ!» ይላል። የማያውቅ እንግዳ «ማንጠግቦሽ ማን ናት?» ብሎ ሲጠይቅ ካሤ የግዱን ይናገራል። ሰርገኛ ጭኖ እንኳ አልቀረለትም፤ ሙሽራዋ «ምንድን ነው የሚሉት?» ብላ ጠይቃው ሲነግራት አልቅሳለች አሉ። መኪናዋ አንድም ቀን አልፈላችም። ወንድሜ፣ እህታችን በሕይወት ሳለች ስሟን ከሰፈራችን ውጪ የሚያውቅ አልነበረም። አሁን ከሰቆጣ እስከ ወልድያ የማያውቃት የለም፤ ስሟንም ከማንም በላይ የሚጠራው ካሤ ነው።

እሱ ከስቷል። ነሐሴ ላይ ከወልድያ አዲስ ሙቀት ጠባቂ ገዝቶ ቤቴ መጣ። ቁራጭ ጨርቅ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ አቀረበልኝና «መምህር፣ ይማሩኝ። ይህን እንድሰካ ይፍቀዱልኝ። የሆነውን አልክድም፤ ስሟን ግን በየቀኑ አልችልም» አለ። እታገኝ «ይበቃዋል፣ ተስፋው» አለችኝ። እኔ ዕቃውን ተቀብዬ ለዘመናይ ሰጠኋት። «ሲበቃው አንቺ ትነግሪኛለሽ፤ ውሃውን የቀማው ካንቺ እጅ ነው» አልኳት። አገላብጣ አየችውና ሳጥኗ ውስጥ ከተተችው። «ገና ነው» አለች። እኔም ሆንኩ አንተ ከዚህ በላይ ዳኛ አንሆንም።

አሁን ወደ ጠመንጃህ ልምጣ። ባለፈው ሰንበት ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ካሤ በሩ ላይ ጠበቀኝ። እንደገና ሊለምነኝ መስሎኝ ነበር። እጅ ነሥቶ ምን ብሎ እንደጠየቀኝ ታውቃለህ? «መምህር፣ ደግሰው መቼ ነው የሚመጣው?» አለኝ። መልእክትህን ሰምቷል፤ በዚህ አገር ምን ይደበቃል። የፈራ ሰው እንዲህ አይጠይቅም፤ የፈራ ሰው አገር ይለቃል። ፊቱን አየሁት። ዓርባ ዓመት ልጅ አስተምሬ ፊት ማንበብ አያቅተኝም። እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ነው የጠየቀኝ። ጥይትህን እየናፈቀ ነው፣ ደግሰው። «ወንድሜ ሥራ አለው» ብዬው አለፍኩ።

እንግዲህ አስብበት። የሚናፍቀውን ይዘህለት ልትመጣ ነው? ጥይትህ አንዴ ብቻ ይጮኻል፤ ከዚያ እሱ ያርፋል፣ አንተ ትታሰራለህ፣ ዘመዶቹም ደማቸውን ከኛ ይፈልጋሉ። ያንጊዜ ለቅሶው የሱ ይሆናል፤ ሰው ደግሞ እንደ ልማዱ ለሱ ያዝናል። ጨው ማራገፊያ ሥርም የማንጠግቦሽን ስም የሚጠራ አይኖርም። እኔ በሽቦ የሠራሁትን አንተ በባሩድ ታፈርሰዋለህ።

ሽማግሌዎቹ እርቁን የሚያትሙት ለኅዳር ሚካኤል ነው። ደሙ የሁለት ወንድማማቾች ስለሆነ ያልተገኘው ቃሉን ይላክ ብለዋል። ቃልህ ካልመጣ መሐላው ይፈርሳል፤ መሐላው ከፈረሰ ካሤ መኪናዋን ሸጦ መሄድ ይችላል፣ የሚይዘውም የለም። ቃልህ ከመጣ ግን ዘመናይ ሳጥኗን እስክትከፍት ድረስ በማብሪያው ታስሮ ይኖራል። እሷ ደግሞ የእናቷ ልጅ ናት፤ ሳጥን ቶሎ አትከፍትም።

እታገኝ በጣም ትናፍቅሃለች፤ ጋቢህን አጥባ በትእዛዙ ልካልሃለች፣ ማታ ማታ ልበሰው። ዘመናይ እጅ ትነሣለች፤ ልትጽፍልህ ጀምራ ስታለቅስ ወረቀቱን አበላሸችው፤ ትምህርቷን ግን አላቋረጠችም። አባ አጥናፉ በጸሎት ያስቡሃል፤ «ጠመንጃውን ለሰሊጥ ሌባ ያቆየው» ብለውሃል። እማማ ወለተ ሰንበት ሰላምታ ይላኩልህ ብያቸው ስድብ ጨመሩበት፤ ሁለቱንም ተቀበል። አብረውህ ለሚያድሩት ጓደኞችህ፣ እንጀራ ለምትጋግርላችሁ ሴትዮ፣ በወባህ ጊዜ ላስታመመህ የወልቃይት ሰው ሁሉ ሰላም በልልኝ። ትእዛዙንም በመንገድ ስለደከመልን አመስግንልኝ።

ደግሰው፣ ረጅም ደብዳቤ አልጠብቅብህም፤ ብዕር እንደማትወድ አውቃለሁ። ጠመንጃውን ትተኸዋል ወይስ አልተውከውም፣ ይህችን ብቻ በገዛ እጅህ ጻፍልኝና ወደዚህ ለሚመጣ የመጀመሪያ ሰው ስጠው። ከኅዳር ሚካኤል በፊት ይድረሰኝ። ቶሎ መልስልኝ።

ታላቅ ወንድምህ ተስፋው

ሰቆጣ፣ ጥቅምት ፬ ቀን ፲፱፻፺፯ ዓ.ም.